የአይጢት ድሪቶ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ ጸጥ ብላችሁ ስሙኝ።

በአንድ አገር የምትኖር ዝግተኛ አይጥ ነበረች። ለጋሱ ጎረቤቷ አያ ጃርት ከጀርባው ነቅሎ በሰጣት እሾህ የወዳደቀ ቁራጭ ጨርቅ እየቀጣጠለች ድሪቶ ትሰፋለች። ቀዩን ከቢጫው ታጋጥማለች፤ ራቅ ብላ ታየዋለች፤ ደስ ካላላት ትተረትረዋለች። እየሰፋች ታንጎራጉራለች።

አንድ ቀን ችኩሏ እመት ጦጢት መጣችና፣ “ይሄን ሁሉ ጊዜ አንድ ድሪቶ? ክረምቱ እኮ ደረሰ! ልጆቼ በብርድ ሊያልቁብኝ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ስፊልኝ እንጂ!” አለቻት።

“ቶሎ መስፋት አላውቅበትም፣ እመት ጦጢት” አለች አይጢት። ግን የልጆቹ ነገር አንጀቷን በላትና ሰፋችላቸው።

ይህን የሰማ አውሬ ሁሉ “ለእኔስ?” እያለ ደጇን ሞላው። አይጢት ቀለም መምረጡን ተወች፤ እንጉርጉሮውንም ተወች። ያገኘችውን ካገኘችው ጋር እየገጣጠመች ክረምቱን ሙሉ ሰፋች። ማንም በብርድ አልሞተም።

በጋ ሲገባ አያ ጃርት ሊጠይቃት መጣ። እጇን አጣምራ ተቀምጣ አገኛት።

“እፎይ በይ እንግዲህ፣ አሁን የሚያጣድፍሽ የለም፤ ደስ ያለሽን ስፊ” አላት።

አይጢት ሁለት ቁራጭ አነሳች። አገላብጣ አገላብጣ አየቻቸውና መልሳ አስቀመጠቻቸው።

“አያ ጃርት፣ የቱ ከየቱ ጋር እንደሚያምር ጠፋኝ” አለችና አለቀሰች።

አያ ጃርት አጠገቧ ቁጭ አለ። ተረቴም እዚያው እንደተቀመጡ አለቀ።