ሁለቱ የተስማሙበት ግድግዳ

አንድ ቤቱን ለመሸጥ የፈለገ ሰው ነበረ። ልጄ፣ ጥያቄህን ሰምቻለሁ፤ «የተጣሉት ሁለት ሰዎች ከተስማሙ ሽማግሌው ከዚያ ወዲያ ምን ቀረው?» ነው ያልከኝ። እንግዲያው አስቀድመህ ይህን ስማ።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ሚስቱ ሞታበት ብቻውን ቀርቶ ነበር፤ ሩቅ አገር ያገባች ልጁ «መጥተህ ከእኛ ጋር ኑር» ብላ ልካበታለች። ቤቱ አባቱ ያሠራው አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው። ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ግን በኖራ ተለስኖ ያምራል። በጓሮ በኩል ከዋናው ግድግዳ ጋር የተጣበቀች አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። በዚያች ክፍል ፍራሽ እየሰፋች የምትኖር ተከራይ ነበረች። የሻጩንና የገዢውን ስም ማወቅ አይጠቅምህም። የሴትየዋ ስም ግን ይታክቱ ነው።

ገዢውም ክፉ አልነበረም። ዕድሜውን በሙሉ ልጆቹን ይዞ በኪራይ ቤት የተንከራተተ፣ «ቤቱን ልቀቅ» መባል የሰለቸው ሰው ነው። በዋጋው ከተስማሙ በኋላ ውል የሚፈራረሙበት ቀን ሲደርስ አንድ ግንበኛ ይዞ መጣ።

«ከመፈረሜ በፊት ቤቱ ይታይልኝ» አለ።

«ይታይ፣ ምን ቸገረኝ» አለ ሻጩ።

ግንበኛው ቤቱን ዞሮ ዞሮ ጓሮ ሲደርስ ቆመ። መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ገፋ ቢያደርገው ልስኑ ተላጠና ወደቀ። ከሥሩ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ታየ። ግድግዳው መሐሉ ላይ አብጦ ወደ ይታክቱ ክፍል አዘንብሏል። ከጎረቤት ጣራ የሚወርደው ውሃ መሠረቱን ሲበላው ኖሯል።

«ይህ በልስን የሚድን አይደለም» አለ ግንበኛው። «ፈርሶ ከመሠረቱ መሠራት አለበት፤ ያውም ክረምት ሳይገባ። እስከዚያው በእንጨት ይደገፍ። ሰውም ከሥሩ አይደር።»

ጠቡ እዚያው ተጀመረ።

«አውቀህ ነው በኖራ የሸፈንከው!» አለ ገዢው። «ወይ ሠርተህ አስረክበኝ፣ ወይ አልፈርምም።»

«አይተህ ነው ዋጋ የቆረጥከው» አለ ሻጩ። «አሮጌ ቤት እንደሆነ ያላወቅክ ይመስል! እኔ ዕቃዬን አስሬ ለመንገድ የተነሣሁ ሰው ነኝ። ግንብ የማስገነባበት ጊዜም አቅምም የለኝም።»

አንዱ «አታላይ» አለ፤ ሌላው «ዋጋ ለማስቀነስ ሰበብ የምትፈልግ» አለ። ለምስክርነት የተጠሩት ሽማግሌዎች በመሐል ገቡና ሁለቱን ለየብቻ እያነጋገሩ ብዙ ደከሙ። ሻጩን «ልጅህ ትጠብቅሃለች» አሉት። ገዢውን «ይህ ቤት ካመለጠህ ሌላ አታገኝም» አሉት። ሁለቱም እውነት ነበር። በመጨረሻ አስታረቋቸው፤ ሻጩ የግድግዳውን ማሠሪያ ወጪ ግማሽ ከዋጋው ላይ ሊቀንስ፣ ገዢው ደግሞ ግድግዳውን እንዳለ ተረክቦ በራሱ ጊዜ ሊያሠራው ተስማሙ። ሽማግሌዎቹ ደስ አላቸው።

ብዕሩን አንሥተው ሊፈርሙ ሲሉ ግንበኛው «ሴትየዋስ?» አለ።

«የቷ ሴት?»

«ከግድግዳው ሥር የምታድረዋ።»

ታላቁ ሽማግሌ ፈገግ አሉ። «ወንድሜ፣ እሷ ተከራይ ናት። ገዢም ሻጭም አይደለችም። ይህን ያህል የደከምንበትን ነገር አሁን ሌላ ወሬ አምጥተን አናበላሸው።»

ግንበኛው አንገቱን ደፍቶ መሣሪያውን ሰበሰበና ሄደ። ሁለቱ ፈረሙ። ሽማግሌዎቹም መረቁ።

ይታክቱ ጥጥ ተሸክማ ከገበያ ስትመለስ ሰዎቹ ሲጨባበጡ አገኘቻቸው። «ደህና ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ደህና ነው» አላት ሻጩ። «ቤቱን ሸጥኩት። ከእንግዲህ አከራይሽ እሳቸው ናቸው። አንቺን የሚነካሽ ነገር የለም።»

ገዢውም ራሱን ነቀነቀላት። እሷ «እንኳን ደስ አላችሁ» አለቻቸውና ወደ ጓሮ አለፈች። መሬት ላይ የወደቀውን ልስን አይታ መጥረጊያ አመጣች፤ ጠርጋም ደፋችው።

ገዢው ከነቤተሰቡ ገባ። ሚስቱ ጓዳውን እየተዘዋወረች ስታይ አለቀሰች፤ የራሷ ቤት ኖሯት አያውቅም ነበር። የተቀነሰለት ገንዘብ ግን ግድግዳው ጋ አልደረሰም። የውጭው በር በስብሶ ነበርና ተቀየረ። የሳሎኑ ጣራ ያፈስ ነበርና አዲስ ቆርቆሮ ተመታ። ገዢው ጓሮ በወጣ ቁጥር ግድግዳውን እያየ «አሁን ደግሞ የሱ ተራ ነው» ይል ነበር። ሻጩም በሩቅ አገር ልቡ አንዳንዴ ሲጠይቀው «ቀንሼለታለሁ እኮ» ይለዋል። ሁለቱም በስምምነቱ ላይ ተደላድለው ተኙ።

ክረምት ገባ። የይታክቱ ክፍል በበሩ በኩል ማፍሰስ ጀመረ። ዝናብ እንዳይመታት አልጋዋን ጎትታ ከግድግዳው ጋር አስጠጋችው። ማን ነግሯት ትወቅ? ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ገና ሳያባራ፣ ማለዳ ላይ ግድግዳው በተኛችበት ተጫናት። ገዢው በባዶ እጁ ድንጋይ እየገለበጠ ጥፍሩ እስኪነቀል ቆፈረ። ሲደርሱባት ሕይወቷ አልፎ ነበር። ልትሰፋው ያሰናዳችው ጥጥ ጭቃ ጠጥቶ ከጎኗ ተከምሯል።

እህቷ ከገጠር መጣች። ሻጩም ተልኮበት መጣ። ከቀብሩ ጥቂት ቀን በኋላ፣ ሐዘንተኛው ገና ተቀምጦ ሳለ፣ ሻጭና ገዢ ተያያዙ።

«ሸፍነህ ሸጥክልኝ!»

«የማሠሪያውን ሰጥቼህ በር ገዛህበት!»

እነዚያው ሽማግሌዎች ተጠሩ። እንደ በፊቱ ለየብቻ አነጋገሯቸው፣ እንደ በፊቱም ደከሙ። የቀብሩንና የተዝካሩን ወጪ ሁለቱ እኩል እንዲችሉ ወሰኑ። ሻጭና ገዢ ተነሥተው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ሽማግሌዎቹ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነገሩ አለቀ» አሉ።

የይታክቱ እህት ከመደቡ ላይ ተነሣች።

«እናንተስ ታረቃችሁ» አለች። «የእኔ እህት ከማን ጋር ተጣልታ ነበር?»

ነጠላዋን አጥብቃ ለብሳ ወጣች፤ ተዝካሩንም አልጠበቀች።

አሁን ወዳንተ ልምጣ፣ ልጄ። ነገ የምታስታርቃቸው ባልና ሚስት ተስማምተዋል ብለኸኛል። ባል ካሳ ሰጥቷል፣ ሚስትም ተቀብላለች፤ አንተ የቀረህ መመረቅ ብቻ ነው የመሰለህ። ያጣላቸው ግን ሰውየው ሲጠጣ የሚያነሣው ዱላ ነው። መጠጡን ተወ? አልተወም። ካሳው ለሁለቱ መታረቂያ ሆናቸው እንጂ፣ ሊወድቅ ያዘነበለውን ነገር የነካው የለም። በዚያ ቤት ደግሞ ሁለት ልጆች አሉ። አልተጣሉም፣ አልከሰሱም፣ ስለዚህ ማንም አልጠራቸውም። ሲመሽ ከዚያ ሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር የሚያድሩት ግን እነሱ ናቸው።

የሽማግሌው ሥራ ምን ቀረው ብለኸኛል። ይህ ቀርቶታል። ነገ ሰውየው ሊጨብጣት እጁን ሲዘረጋ «ቆይ» በለው። መጠጡን መተዉ በሥራ እስኪታይ ድረስ ልጆቹ አያታቸው ዘንድ ይደሩ በል። ባልየው ይቆጣሃል። ሚስትየዋም ሰው ፊት አዋረድከኝ ብላ ትቆጣለች። አብረውህ የተቀመጡት ሽማግሌዎች የተፈጸመ እርቅ አፈረሰ ብለው ዳግመኛ ላይጠሩህ ይችላሉ። አይጥሩህ።