የላቀች እሳት

እኛ አገር፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ ሰው ደጁን ዘግቶ ብቻዬን ልጽደቅ ሲል ሽማግሎች የሚሉት አንድ አባባል አለ። ዛሬ ክብሪት በየሱቁ ስለሞላ ወጣቶቹ ሲሰሙት ስለ ምድጃ የተነገረ ብቻ ይመስላቸዋል። ነገሩ የተጀመረው ግን በአንድ ሰው ጸሎት ነው። እኔ የሰማሁት ከእናቴ ነው፤ እናቴ ደግሞ ነገሩ በሆነበት ሳምንት የተወለደች ናት።

አጥናፉ የሚባል ገበሬ ነበር። ሚስቱ ላቀች በየካቲት ሞተችበት። ልጅ አልነበራቸውም። ከእሷ የቀረው ሁለት ማድጋ፣ አንድ ነጠላና እሳቷ ነበር።

እሳቷን ላቀች በተሞሸረች ጊዜ ከእናቷ ምድጃ በገል ይዛ ያመጣችው ነው ይባላል። ሠላሳ ዓመት አላጠፋችውም። ሲመሽ ፍሙን ሰብስባ በአመድ ታዳፍነዋለች፤ በአመዱ ላይ በጣቷ መስቀል ትሠራበታለች፤ ሲነጋ ትገልጠዋለች። በዚያ ዘመን ክብሪት ብርቅ ስለነበር ምድጃው የጠፋበት ሰው የተሰበረ እንስራ ገል ይዞ ጎረቤት ይሄድና “እሳት ልጫር” ይላል። ወጉ አንድ ነው፤ የጫረው ሰው አመዱን ገላልጦ ፍም ከወሰደ በኋላ አንድ ኩበት ጨምሮ ይሄዳል። ወደ ላቀች ቤት የማይመጣ አልነበረም።

እሷ ከሞተች በኋላ ቤቱ ዝም አለ። አጥናፉ እራቱን ሲበላ የሚሰማው የራሱን መንጋጋ ነበር። ላቀች ስትጸልይ ከጎረቤት ጋር የምታወራ ትመስል ነበር። “እመቤቴ፣ ዛሬ ደግሞ ጎኔን ወጋኝ፤ ላሚቱም አልታለብ ብላለች” ትልና ትንሽ ዝም ብላ ራሷን ትነቀንቃለች፣ መልስ እንደመጣላት ሁሉ። እሱ አቡነ ዘበሰማያት ሲደግም ግን ቃሉ ጣሪያውን ሳያልፍ ተመልሶ ራሱ ላይ የሚወርድበት ይመስለዋል።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ወደ ንስሐ አባቱ ወደ ቄስ ይትባረክ ሄደ።

“አባ፣ ስጾም ስሰግድ ይኸው ሸመገልኩ። ሃይማኖቴ ግን ውርጭ እንደመታው ገብስ ናት። አታድግም፣ አትሞትም።”

“ምን ፈለግህ ታዲያ?”

“አንድ ጊዜ ብቻ ድምፁን ብሰማ። ላቀች ትሰማ ነበር።”

“ምን እንደምትሰማ ነግራህ ታውቃለች?”

አጥናፉ አሰበ። “የለም” አለ።

“ፍልሰታ ደርሷል። ና፣ እዚሁ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ከሰዉ ጋር ሱባኤ ያዝ።”

“ሰው ያዘናጋኛል፣ አባ። አሮጊቶቹ የሚያወሩት ስለ ወገባቸው ነው።”

“ወገባቸውን ስለሚያማቸው ነዋ!” አሉ ቄሱ።

አጥናፉ አልሰማቸውም። ለቄሱ ያልነገራቸው ሌላ ነገርም ነበረው። ጎረቤት እሳት ሊጭር በመጣ ቁጥር ልቡ ይሰበር ጀምሮ ነበር። እያንዳንዱ ገል ከደጁ ሲወጣ ከላቀች አንድ ቁራጭ ይዞ የሚሄድ ይመስለው ነበር። ስለዚህ ነሐሴ አንድ ቀን ሽምብራ ዘፈዘፈ፣ ውኃ ቀዳ፣ እሳቱን ደህና አድርጎ አዳፈነና በሩን ከውስጥ ቀረቀረ። ሁለቱን ሱባኤ እስኪጨርስ ለማንም ላይከፍት፣ ለማንም ላይመልስ ተሳለ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝናብ ብቻ ነበር። ሰገደ፣ ደገመ፣ ጆሮውን አቀና። ጣሪያው ላይ ከሚወርደው ውኃ በቀር የሚናገር የለም።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተመታ። የአጥር ጎረቤቱ እትዬ አንጓች ናት፣ የእናቴ አያት።

“አያ አጥናፉ! እሳት ጫርልኝ!”

አጥናፉ ግንባሩ መሬት እንደነካ ቀረ።

“አያ አጥናፉ! ልጄ ብርቄ ተገላገለች! ጎርፍ ምድጃዬን አጥፍቶብኝ ለአራሷ አጥሚት የማሞቅበት አጣሁ!”

ፈተና ነው፣ አለ በልቡ። ሰይጣን የሚመጣው ሆድ በሚያባባ ድምፅ ነው።

“ጭስህ ይታየኛል እኮ!” አለች አንጓች በሩን በመዳፏ እየደበደበች። ቀጥላም፣ “አያ አጥናፉ፣ ሞተህ ነው? ሞተህ እንደሆነ ንገረኝና እርሜን ላውጣ!”

በሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። አሁን ግን ጥርሱን ነክሶ እንደገና ሰገደ። የእግሯ ዳና በጭቃው ውስጥ እየራቀ ሄደ። ፈተናውን አሸነፍኩ ብሎ ደስታ ጠበቀ፤ የመጣለት ግን ከበፊቱ የባሰ ዝምታ ነው።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት እሳቱን ሊገልጥ ጎንበስ አለ። አመዱ አይሞቅም። በእንጨት ጫረው፤ በእጁ ዛቀው። እስከ ክርኑ ገብቶ ፈለገ። አንድ ቅንጣት ፍም አልነበረም። እንዳይጠፋ ብሎ በላይ በላዩ አመድ ሲከምርበት፣ ለስድስት ቀን ገላልጦ ኩበት የጨመረበት ሰው አልነበረም። ያን የሚያደርጉት ለካ፣ ከላቀች ሌላ፣ ገል ይዘው የሚመጡት ጎረቤቶች ነበሩ።

ከጉልቻው አጠገብ ተቀመጠ። ሚስቱን በየካቲት የቀበረ ሰው አሁን በነሐሴ እንደገና የቀበራት ያህል ሆነበት። ልጸልይ አለ፤ አፉ አልታዘዝ አለው። ቤቱ ሰው ስም የሚጠራበት፣ የሚያጉረመርምበት፣ አሞኛል የሚልበት ቤት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባው። ብዙ ቆይቶ ከማጀት አንድ ገል አነሣ፤ ስእለቱን ትቶ መቀርቀሪያውን ሳበ።

የሁሉም ቤት ጣሪያ ይጨሳል። ቅርቡ የአንጓች ነው፤ ለእግሩ ቅርብ፣ ለፊቱ ሩቅ። ሁለት ጊዜ አልፎት ተመለሰ።

“ቤቶች!”

“ማነው?”

“እኔ ነኝ። አጥናፉ። እሳት … ልጫር።”

ውስጥ ሹክሹክታ ተሰማ። ከዚያ የአንጓች ድምፅ፣ “ሱባኤ ላይ ነን!”

አጥናፉ ገሉን እንደያዘ ሊመለስ ዞረ። በሩ ተከፈተ። አንጓች ሌላም የሚወጋ ነገር አዘጋጅታ ነበር፤ ክንዱ እስከ ክርኑ አመድ ለብሶ ስታየው ግን ተወችው።

“ምን ሆነሃል፣ አያ?”

“የላቀች እሳት ጠፋ” አለ፤ እንባውም መጣ።

ክንዱን ይዛ አስገባችው። ቄስ ይትባረክ ለአራሷ ጠበል ሊረጩ መጥተው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ብርቄ ሕፃኗን ታቅፋ ከምድጃው ጥግ ተኝታለች። እሳቱ ደህና ይነድዳል።

“የት ይጠፋል?” አለች አንጓች። “አንተ በር ስትዘጋብኝ ወንዙን ተሻግሬ ከእነ ደስታው ቤት ጫርኩ። ውኃው እስከ ወገቤ ነበር፤ ገሉን ራሴ ላይ አድርጌ ነው ያለፍኩ። እነ ደስታው እሳቱን ከየት ያመጡት ይመስልሃል? በገና ሰሞን ምድጃቸው ጠፍቶ ከላቀች እጅ የጫሩት ነው። ከዚያ ወዲህ አልጠፋባቸውም። ያው የእሷ ነው።”

አጥናፉ እሳቱን አየ። እጁን ዘርግቶ ሙቀቱን ለካው፤ አፉ የላቀችን ስም የሚጠራ ይመስል ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ተንበርክኮ አመዱን ገለጠና አንድ ፍም ወደ ገሉ አወጣ።

“ወጉን ረሳኸው?” አለች አንጓች። ከግድግዳው ሥር አንድ ኩበት አንሥቶ ጨመረ።

“ታዲያስ፣ አጥናፉ፣” አሉ ቄሱ፣ “በሱባኤህ ድምፅ ሰማህ?”

“አልሰማሁም፣ አባ። ሰው ጠራኝ እንጂ።”

“ስንት ጊዜ?”

“ሦስት ጊዜ።”

“ምን አለህ?”

አጥናፉ አንጓችን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። “እሳት ጫርልኝ አለኝ።”

 ዝናቡ ጣሪያው ላይ ወረደ፤ ሕፃኗ አንድ ጊዜ አስነጠሰች።

“እንግዲህ ልሂድ” አለ አጥናፉ። “ቤቱ መቼም ያው ባዶ ነው።”

“ነገ ጠዋት እሳት ልጭር እመጣለሁ” አለች አንጓች፤ ዝናብ እንዳያገኘው ፍሙን በደረቅ ኩበት ስብርባሪ እየሸፈነችለትም፣ “ደጅህን እንዳትቆልፍ፣ አያ፤ የሰጡት እሳት ጎረቤት ያድራል፣ የቆለፉበት አመድ ይሆናል” አለችው።