ወደ ውስጥ የዞረ እሾህ

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው፤ ግራር በሚበዛበት፣ ጅብ በማይታጣበት አገር ይኖር ነበር። ሀብቱ ጥቂት ከብት፣ መመኪያው ደግሞ እናቱ ነበረች። እናቱ ዓይነ ስውር ናት። ብርሃኗን ካጣች ብዙ ዘመን ቢሆናትም መሪ ፈልጋ አታውቅም። ጫማ አታደርግም፤ መንገዱን የምታየው በእግሯ ነው። ከቤት ወደ ምንጩ፣ ከምንጩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከዚያም ወደ ጎረቤት የሚወስደውን መንገድ፣ ድንጋዩንና ጉብታውን ሳይቀር ውስጥ እግሯ ለይቶ ያውቀዋል። «የእኔ ዓይን ታች ወረደ እንጂ አልጠፋም» እያለች ትቀልዳለች።

ገበሬው ከእርሻ ሲመለስ ከሩቅ የሚፈልገው እርሷን ነው። ቅሏን አንጠልጥላ ከምንጩ አቀበቱን ስትወጣ ካያት የቀኑ ድካም ይቀልለታል። ያላያት ቀን ግን እግሩ ይፈጥናል።

የዚያ አገር ሰው በረቱን የሚያጥረው በግራር ቅርንጫፍ ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ግን ደንብ አለው። የተቆረጠው የግንዱ ጫፍ ወደ ውስጥ፣ እሾሁ ወደ ውጭ ይሆናል። ቅርንጫፉ በቅርንጫፍ ላይ ይጫንና በሐረግ ይታሰራል። እንዲህ የተኛ እሾህ ላሚቱን አይነካትም፤ ጅቡን ግን አስለቅሶ ይመልሰዋል። ወንድም በወንድሙ ላይ ሲነሳ የዚያ አገር ሰዎች «እሾሁን ወደ ውስጥ አዞረ» ይላሉ። ከዚህ የከፋ ስድብ የላቸውም።

አጥር ግን ያረጃል። ሐረጉ ይደርቅና ይበጠሳል፤ አንዱ ቅርንጫፍ ይንሸራተትና ይገለበጣል። የተገለበጠ ቅርንጫፍ ደግሞ ብቻውን አይወድቅም። እሾሁ የጎኑን ይይዛል፤ ሲወድቅ ያንንም ይዞ ያዞረዋል፤ ያም የሚቀጥለውን። ገበሬው ማታ ማታ በበረቱ በኩል ሲያልፍ ይህን ያያል። «ነገ አስረዋለሁ» ይላል። ስንፍና አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ውሎ እጁ ሐረግ ለመጠምዘዝ እንኳ እምቢ እያለው ነው። ነገ ግን ሁልጊዜ የራሱ ሥራ ነበረው።

በግቢው ጥግ፣ ከወይራው ሥር፣ አንድ የእሾህ ክምር ነበረ። መቼ እንደተጀመረ ገበሬው አያስታውስም። በየዓመቱ ከፍ ይላል። ጎረቤቱ ነገር ወዳድ ነውና በዚያ ባለፈ ቁጥር ዝም ብሎ አያልፍም።

«አንተ ሰው፣ የእሾህ ነጋዴ ሆንክ እንዴ? ክምርህ እኮ ከጎተራህ በለጠ!»

ገበሬው ይስቃል። ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም።

አንድ ቀን እናቱ እያነከሰች ገባች። መደብ ላይ አስቀመጣትና እግሯን ጭኑ ላይ አድርጎ አየው። ደቃቅ እሾህ ነው፤ ጠልቆ ገብቷል። ሌላ እሾህ አንስቶ በሹሉ ጫፍ እየፈለቀቀ አወጣላት። «እሾህን በእሾህ» አለ እንደ ወጉ። ቀና ሲል በበሩ በኩል ክምሩ ታየው።

«ያ ክምር ነው እግርሽን የሚወጋሽ» አላት።

«ክምሩን ተወው ልጄ፤ እሱ አልወጋኝም። ያለበትን እግሬ ያውቀዋል፤ ዞሬው አልፋለሁ። የወጋኝ የማላውቀው ትንሹ ነው።»

ገበሬው ግን ምስኪን፣ ሳታይ በምን ታውቃለች ሲል አሰበ። ዓይን ያለው ሰው የሚከሰው የሚያየውን ነው፤ ደቃቁ እሾህ ደግሞ ለእርሱም አይታየውም ነበር።

«ታዲያ አንዴ አቃጥሎ አይገላገለውም?» አለች የውብዳር።

የውብዳር ይህን ታሪክ የምትሰማው ሴት ናት። ሐኪሞች የመርሳት ሕመም የያዛትን የእናቷን አንጎል በመሣሪያ ሥዕል አንስተው «ፕሮቲን ተጠራቅሞበታል» ስላሏት፣ ጥያቄ ይዛ ጡረታ ወደ ወጡት ነርስ ወደ ሲስተር ጥሩወርቅ ቤት መጥታ ነበር። ሲስተር ጥሩወርቅ ጥያቄዋን ሰምተው ሲያበቁ የመለሱላት በዚህ ታሪክ ነው።

«ጊዜው በጋ ነው፤ ቤቱም የሣር ክዳን ነው» አሏት። «ምን ያድርግ? ከነቤቱ ይንደድ? አድምጪኝ።»

በማግስቱ ገበሬው መጥረቢያውን አንስቶ በክምሩ ላይ ወረደበት። የዓመታቱን ሁሉ እልህ ተወጣበት። የደረቀ እሾህ ሲመቱት እሺ ብሎ አይወድቅም፤ ይፈነጠራል። ትልልቁን ቅርንጫፍ በበሬ እየጎተተ ገደል ከተተው። በሬው በሄደበት ሁሉ፣ በግቢው፣ በደጁ፣ በምንጩ መንገድ፣ ስብርባሪው እየረገፈ ቀረ። ገበሬው ዞር ብሎ ይህን አየና ተናደደ፤ ወዲያውም ብልሃት የመጣለት መሰለው።

«እሾህን በእሾህ!» አለ።

አንድ ትልቅ የግራር ቅርንጫፍ ቆርጦ በሬው ላይ አሰረና መሬቱን እንደ መጥረጊያ ያስጠርገው ጀመር። ቅርንጫፉ ጉልሁን ሰብስቦ ወሰደ፤ ደቃቁን ግን አፈር አለበሰው። በበረቱ አጠገብ ባለፈ ቁጥርም አጥሩን እየያዘ፣ ደህና የተኛውን ሁሉ እየገለበጠ ሄደ። ገበሬው ወደ ኋላው አልተመለከተም። ፀሐይ ስትጠልቅ ግቢው አምሮበት ነበር።

«እንዲህ ነው እንጂ ወንድ!» አለ ጎረቤቱ። ገበሬው በዚያ ምሽት እንደ ሕፃን ተኛ።

ጠዋት እናቱ ቅሏን ይዛ ወጣች። ደጁን ሳትሻገር ወጋት፤ ነቀለችው። ጥቂት ራመድ እንዳለች እንደገና ወጋት፤ ነቀለችው። የምንጩ መንገድ መካከል ስትደርስ አንድ እግሯን አንስታ ቆመች። የት እንደምታሳርፈው አላወቀችም። ገበሬው ከበረቱ በር ሆኖ አያት። ያቺ ሴት በሕይወቷ እንዲህ ቆማ አይቷት አያውቅም። ሮጦ አዝሏት ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ አንዱ መንገድ ከሌላው ቀጥሎ ከእርሷ ተለየ። በመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን መሳሟን ተወች። ቀጥሎ ጎረቤት ጠፋባት፤ ቀጥሎ ምንጩ፤ ቀጥሎ ደጁ። እግሯ የሚያውቀው አገር እያነሰ እያነሰ መጥቶ የተቀመጠችበት መደብ ብቻ ሆነ። ያልረገጠ እግር ደግሞ ይረሳል። አንድ ቀን «ወደ ምንጩ የሚወስደው በየት በኩል ነበር?» ብላ ጠየቀችው። ገበሬው ወጥቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆየ። ለእርሷ ብሎ ያደረገው ነው፤ ለእርሷ ብሎ ማድረጉ ግን አላጽናናውም።

ሰው ጥፋቱን መሸከም ሲያቅተው የሚያሸክመው ይፈልጋል። ገበሬው እሾሁን አገኘ።

«ከእንግዲህ እሾህ የሚባል ነገር ከደጄ አይገባም!» ብሎ ማለ።

አጥሩ ሲላላ አዲስ ቅርንጫፍ አላመጣም። የወደቀውን አንስቶ ወደ ቦታው አልመለሰም። የእሾህ ዘር ሁሉ ጠላቱ ሆነ።

«ጅቡንስ በምን ልትመልሰው ነው?» አለው ጎረቤቱ። «በምክር?»

ጅቡ ምክር አልጠበቀም። በሳሳው በኩል ገብቶ፣ እናቱ ወተቷን የምትጠጣላትን ላም ይዞ ሄደ።

ጠዋት ገበሬው የላሚቱን ባዶ ቦታ አይቶ ገባና ከመደቡ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። እናቱ እጇን ሰድዳ ጭንቅላቱን አገኘችው።

«ለእኔ ብለህ ነው?» አለችው።

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ያን ክምር ማን የከመረው ይመስልሃል?»

ገበሬው ቀና አለ።

«እኔ ነኝ። ከአጥሩ ወድቆ እግሬን የነካኝን ሁሉ በዱላዬ እየጎተትኩ እዚያ ነበር የምከተው። አንድ ቦታ ከሆነ እጠነቀቀዋለሁ ብዬ። ሁሉን አላገኝም፤ ያመለጠኝ ይወጋኛል። ክምሩም ቢሆን ጫፍ ጫፉ ይረግፍ ነበር። ደግ ነው አልልህም። ከተበተነው ግን ይሻል ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ተወው ብዬህ ነበር እኮ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እሾሁንስ ምን በደለህና ማልክበት? ያ የወጋኝና ላምህን ሲጠብቅልህ የኖረው አንድ ግራር ነው። ወዴት ዞሮ እንደተኛ ነው እንጂ የሚለያየው።»

ገበሬው መሐላውን አፈረሰ። በዚያን ቀን ወደ ጫካ ወርዶ አዲስ ቅርንጫፍ አመጣ፤ ግንዱን ወደ ውስጥ፣ እሾሁን ወደ ውጭ አድርጎ አንድ በአንድ አሰረ። ከዚያ በየመንገዱ በጉልበቱ እየዳኸ ደቃቁን በጣቱ ይለቅም ጀመር። መጥረቢያ በአንድ ቀን የበተነውን ጣት ቶሎ አይሰበስበውም። ጎረቤቱ ሲዳክር አየው። ቤቱ ሄዶ በቅል ወተት ይዞ መጣና ለአሮጊቷ ሰጣት። በዚያን ቀን አልቀለደም።

መንገዶቿ ሁሉ አልተመለሱላትም። ምንጩን እንደረሳችው ቀረች። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት በልጇ ክንድ ተደግፋ እስከ ወይራው ትሄዳለች፤ እርሱም እግሯ ከማረፉ በፊት መሬቱን በመዳፉ ይዳብሳል።

ሲስተር ጥሩወርቅ ይህን ተናግረው ወደ የውብዳር ዞሩ።

«ጥያቄሽ ምን ነበር? ‹ፕሮቲን ገንቢ ነው፣ ለልጅ ለአዋቂ ስጡ ስትሉን ኖራችሁ፤ አሁን እናቴን ያሳታት ፕሮቲን ነው ትሉኛላችሁ፤ የትኛው ነው እውነቱ?› ነው ያልሽኝ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ግራሩ አንድ ነው። ሰውነታችን ፕሮቲኑን ራሱ እየሠራ፣ ራሱ እያጠፈ በመልክ በመልኩ ያስቀምጠዋል። በደንብ የታጠፈው ሥራውን ይሠራል፤ ሌላውን የሚይዝበት ጎኑ ተሸሽጎ ይኖራል። እጥፋቱ ሲበላሽ ያ ጎን ይወጣል። ይወጣና አጠገቡ ያለውን ይይዛል፤ ያንንም እንደ ራሱ ያበላሸዋል። ጥቂት ጥቂት ሆነው ተያይዘው፣ ገና ሳይከመሩ የሚንከራተቱት ናቸው ሕዋሱን የሚወጉት። እነዚህን ያ ሥዕል አያሳይሽም። አንቺ ያየሽው ክምሩን ነው።»

«ታዲያ እሱን ለምን አያወጡላትም?»

«እናንሳው የሚሉ አሉ፤ መድኃኒትም ይዘው መጥተዋል፤ ለአንዳንዱ ጥቂት ረድቶታል ይባላል። ለእናትሽ ይሆን እንደሆነ ሐኪሟን ጠይቂ። እኔ አታንሱ አልልም። ክምሩ በተነሳ ማግስት እናቴ ቅሏን ይዛ ምንጭ ትወርዳለች ብለሽ አትጠብቂ ነው የምልሽ። በመጥረቢያም እንዳይሆን።»

የውብዳር የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ላይ ስትጠመጥም ቆየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እንቁላሉስ?» አለች።

«የምን እንቁላል?»

«ፕሮቲን ነው የተጠራቀመባት ሲሉኝ... ከፋሲካ ወዲህ እንቁላል አላቀመስኳትም። ወተቱንም ከለከልኳት። ምስሩን፣ ሽሮውን እንኳ። ያለ ጾሙ አስጾምኳት። ‹ልጄ ዛሬም ረቡዕ ነው?› ትለኛለች። ‹አዎ፣ ረቡዕ ነው› እላታለሁ። ታምነኛለች፤ ቀኑን አታውቀውማ።»

ሲስተር ጥሩወርቅ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲከፍቱት ደክሟቸው ነበር።

«የበላችው እንቁላል ሆድ ገብቶ ይፈጫል፤ ይፈርሳል፤ ሰውነት አዲስ አድርጎ ይሠራበታል። ከእንቁላል ተነስቶ አንጎሏ የገባ እሾህ የለም። አንቺ የከለከልሻት ክምሩን አይደለም ልጄ፤ አጥሩን ነው።»

«እኔ ነኛ ያከሳኋት።»

«አዎ፣ ከስታለች። ገበሬውም ላሙን አስበልቷል። ለእናቱ ብሎ ነበር፤ ለእናትሽ ብለሽ ነበር። ላሚቱ በዚህ አልተመለሰችም። እርሱ ግን ከዚያ በኋላ ሲዳክር ኖረ እንጂ ደረቱን ሲመታ አልኖረም። የሚለቀም ነገር ነበረዋ።»

ተነስተው ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከሉላት።

«አሁን ሂጂ። ዛሬ ረቡዕ አይደለም በያት። እንቁላሏን ቀቅይላት። ስትልጪው ግን ቅርፊቱን በደንብ አጥሪላት፤ የሚወጋው ትንሹ ነው።»