የባርኮድ ማተሚያውና የዛገው ጣሳ

ተረት መጥታለችና ቦታ ልቀቁላት፤ ጠጋ ጠጋ በሉ።

ዱሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው ድሬዳዋ ተድራለች። የቀራቸው አንዲት ድመትና ቤት ሙሉ ብሎን፣ ሽቦና ፊውዝ ነበር። ሁሉም በየጣሳው ተደባልቆ ይኖራል።

ጎረቤት ብሎን ፈልጎ ሲመጣ ጋሽ ወንድይፍራው ጣሳ ያነሡና ሰሌኑ ላይ ይዘረግፋሉ። ጎረቤቱም ቁጢጥ ብሎ አብሮ ይፈልጋል። እየፈለገ የውሃውን መጥፋት ያነሣል፤ አማቱን ያማል። ብሎኑ ሲገኝ ወሬው ገና ስለማያልቅ እዚያው ይቀመጣል።

ልጃቸው ይህን አታውቅም። አባቷ በፍለጋ ዕድሜያቸውን ጨረሱ ብላ አዘነችና የባርኮድ ማተሚያ ላከችላቸው።

ማተሚያው ከካርቶኑ እንደወጣ፣ "እኔ እያለሁ ምንም አይጠፋም" አለ።

ጋሽ ወንድይፍራው ደስ አላቸው። እሱ ጥቁር መስመር ያለበትን ወረቀት ያትማል፤ እሳቸው ብሎኑን በየዓይነቱ ለይተው ብልቃጥ ውስጥ እየከተቱ ወረቀቱን ይለጥፉበታል። ብልቃጡ ሲያልቅ የድመቷ ጆሮ ላይ ለጠፉ።

"እኔን ለማግኘት መቼ ተቸግረው ያውቃሉ?" አለች ድመቷ።

ሥርዓት ነው ተባለች።

አልጋ ሥር የነበረ አንድ የዛገ ጣሳ ብቻ ቀረ። ውስጡ ያለውን ማንም ለይቶ ስለማያውቀው ማተሚያው ይጣል ብሎ ፈረደ። ጋሽ ወንድይፍራው ግን ጎንበስ ማለቱ ከበዳቸውና ተዉት።

መጀመሪያ ባለወፍጮው ፊውዝ ፈልጎ መጣ። ማተሚያው፣ "ሁለተኛው መደርደሪያ፣ በግራ" አለ። ሰውየው ተቀበለ፣ አመሰገነ፣ ሄደ።

ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ብሎን ፈልጎ መጣ። ማተሚያው ያለበትን ነገረው፤ ሰውየው ደጃፉን እንኳ ሳያልፍ ተቀብሎ ሄደ።

በሦስተኛው፣ ወሬ ከጀመረ ማንም የማያስቆመው የዕድሩ ለፋፊ መጣ። የፈለገውን ሽቦ ወዲያው እጁ ላይ አገኘው። ሊያወራ አፉን ከፈተ፤ እጁን አየ፤ ጉዳዩ አልቋል። እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ሄደ።

ማተሚያው ኮራ። ቤቱ ጭር አለ።

ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ሁሉ ቆሞ ተቀብሎ የሚሄድ ሆነ። ጋሽ ወንድይፍራው ከድመቷ በቀር የሚያናግሩት አጡ። አንድ ቀን፣ "እኔስ የት ነኝ?" ብለው ማተሚያውን ጠየቁት።

"እርስዎ አልተመዘገቡም" አላቸው። "ደረትዎ ላይ ይለጥፉ፤ የሚፈልግዎ ሲመጣ ወዲያው ያገኝዎታል።"

ለጥፈው በር ላይ ተቀመጡ። የፈለጋቸው የለም።

ይኼኔ ከአልጋው ሥር ጣሳው ተናገረ። "ጋሽ ወንድይፍራው፣ እኔ አለሁልዎት። ከእኔ ውስጥ ቶሎ ያገኘ ሰው እስከ ዛሬ የለም።"

ከአጥር ማዶ የሚኖሩት፣ እሳቸውም ባላቸው የሞቱባቸው እትዬ አሰገደች፣ እጀታው የወለቀ የድስት ክዳን ይዘው ብሎን ፍለጋ መጡ። ማተሚያው "ሦስተኛው መደርደ..." ሲል ጋሽ ወንድይፍራው ጋቢያቸውን ጣሉበት።

"እንጃ፤ መፈለግ ሳይኖርብን አይቀርም" አሉ። ውሸት አልለመዱም።

ጣሳው ተዘረገፈ። እትዬ አሰገደች ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ። ቀና ሲሉ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ብሎኑ በብልቃጥ ውስጥ ተደርድሮ ታያቸው። ፊታቸውን አዞሩ። ከክምሩም ልኩ የሆነ አንድ ብሎን አገኙ፤ አገላብጠው አዩትና ወደ ታች ቀበሩት።

"ይሄ አይሆንም" አሉ።

ጋሽ ወንድይፍራው አይተዋል። "አይሆንም፤ ይቀጥናል" አሉ።

የእትዬ አሰገደች ዓይን ደረታቸው ላይ ወደቀ። "ይሄ ደግሞ ምንድነው?"

"እንዳልጠፋ ነው።"

እትዬ አሰገደች እጃቸውን ሰደው ወረቀቱን ቀስ ብለው ላጡት። "የት እንዳሉማ ሁላችንም እናውቃለን፣ ጋሽ ወንድይፍራው። መቀመጫ ሰበብ ነው ያሳጡን።"

ብሎኑ ያን ቀን አልተገኘም። በማግስቱም ፍለጋው ቀጠለ።

እናንተም ዕቃችሁን ለዩ፣ ለጥፉ፣ ደርድሩ፤ መልካም ነው። አንዲት ጣሳ ግን ለጎረቤት ስትሉ እንደተደባለቀች ተዉአት። ተረቴን እዚያች ጣሳ ውስጥ ከትቻታለሁ፤ የፈለጋት መጥቶ አብሮኝ ይፈልግ።