አያ ጅቦ በቢራቢሮዎቹ መስክ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ ምድሩ አበባ በለበሰ ሰሞን፣ በወንዝ ዳር ያለውን የቢራቢሮዎች መስክ የምትጠብቅ ኤሊ ነበረች። አራዊቱ መስኩን ሊያዩ ከየጫካው ይመጣሉ። አያ ጅቦም መጣ። ገና ከመግባቱ አፍንጫውን ነፋ።

«ሥጋ የለው፣ አጥንት የለው! ለዚህ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የለፋሁት?»

«አያ ጅቦ፣ የሚታይ እንጂ የሚበላ አይደለም።»

«የማይበላ ነገር ደግሞ ለምን ይታያል?»

ኤሊ በረጅሙ ተነፈሰችና አንገቷን ወደ ቅርፊቷ ከተተች። መልሳ ብቅ ስትል አንዲት ሰማያዊ ቢራቢሮ ጅብ አፍንጫ ላይ አርፋለች። ጅብ ትንፋሹን ውጦ ቆሟል።

«እትዬ ኤሊ፣» አለ በሹክሹክታ፣ «ዝም በይ፣ እንዳትበርብኝ!»

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ይመጣ ጀመር። አንድ ቀን ግን ቅጠሉ ላይ ጠጉራም አባጨጓሬ አየና ጮኸ።

«ይህ ቀፋፊ ትል የቢራቢሮዎቼን ቅጠል እየጨረሰ ነው!»

«ልጆቻቸው እኮ ናቸው። አድገው ክንፍ ያወጣሉ።»

«ይሄ? አትቀልጂ!»

«ኧረ ስንቴ ልንገርህ!» አለች ኤሊ፤ መሯት ውሃ ልትጠጣ ወረደች።

ይህን ቀበሮ ሰምታለች። የጎብኚው ኮቴ የምታድናቸውን አይጦች እያሸሸ አስቸግሯት ነበርና ቢራቢሮዎቹ ቢጠፉ ደስታዋ ነው። ጠጋ አለች።

«አያ ጅቦ፣ ኤሊ አርጅታ ነው እንጂ ይሄ ሁሉ ትል መጽዳት ነበረበት። ጉልበቱ ያለህ አንተ ነህ። ደግሞ እንዴት እንደሰቡ አላየህም?»

«ሰቡ» የምትለው ቃል በቃችው። ቅጠል በቅጠል እየላሰ ጠራረጋቸው። ጠጉራቸው ምላሱን ለበለበው፣ ከንፈሩ እንደ ቅል አበጠ፤ እሱ ግን ኮራ።

ብዙም ሳይቆይ የነበሩት ቢራቢሮዎች ዕድሜያቸው አልቆ ረገፉ። ተተኪ አልመጣም።

«እትዬ፣ የት ሄዱ? ትሉን ሁሉ በልቼ አጽድቼላቸው የለ!»

«ሆድህን ጠይቀው!» አለች ኤሊ በንዴት። «ልጆቹን በልተህ ስታበቃ፣ ቢራቢሮ ከየት ይምጣልህ?»

ጅብ ሆዱን አየ፤ ባዶውን መስክ አየ። አሁን ገባው። አበባው መካከል ተቀምጦ አለቀሰ።

ከዚህ የምንማረው፣ ክንፉን የወደድንለትን ፍጥረት ትል ሳለም ልንታገሠው እንደሚገባ ነው።