የቀብር ጠሪው ልጅ ሩጫ

አንድ ሰው ነበረ። አባቱ የእድር ጠሪ ነበር፤ ሰው ሲሞት በሰባት መንደር በየደጁ እየሮጠ ለቀብር የሚጠራ። ስልክ ወደዚያ አገር ሳይገባ የሆነውን ነው የምነግርሽ። ጎህ ሲቀድ ከቤቱ ይነሣል፣ ሁለት ወንዝ ይሻገራል፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሰባቱንም መንደር አዳርሶ ለጉድጓዱ ቁፋሮ ይደርሳል። የአባቱ ስም በሪሁን ነበር። አገሩ ስለ እግሩ አውርቶ አይጠግብም፤ በሪሁንን ንፋስም አይቀድመው ይባል ነበር።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «እናቴ የሠራችውን እንደ እናቴ መሥራት ካልቻልኩ፣ ስሟን ከማሳፍር ብተወው አይሻልም ወይ?» ነው ያልሽኝ። ትንሽ ታገሺኝ፤ እኔ በአቋራጭ ሄጄ አላውቅም።

ልጁ ከልጅነቱ ሁሉ አብልጦ የሚወደው አባቱ ከጥሪ የሚመለስባትን ሰዓት ነበር። አባቱ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ልጁ ውኃ ያቀርብና እግሩን ያጥበዋል። ተረከዙ እንደ በጋ መሬት የተሰነጣጠቀ ነበር። አባቱ ያን ጊዜ ብዙ አይናገርም፤ የሞተውን ሰው ስም ያነሣና ደግ ሰው ነበር ይላል። ሟቹ ክፉ የነበረ ቢሆንም የሚለው ያንኑ ነው። ልጁ አድጎ እንኳ፣ ውኃ በድንጋይ ላይ ሲፈስ በሰማ ቁጥር ያ ዘመን ትዝ ይለው ነበር።

ጎልምሶ ድንጋይ ፈላጭ ሆነ። አንድ ቀን የሚፈልጡት ገደል ተናደና ጭኑን ሁለት ቦታ ሰበረው። ወጌሻ አቃንቶ በቀርከሃ አሰረለት፤ ስምንት ወር በጀርባው ተኛ። እሱ እንደተኛ አባቱ ሦስት ቀን ታሞ ሞተ። ታዲያ ማን ይጥራ? ጠሪው ራሱ ሲሞት የሚሆነውን ከእድርተኛው አንድም ሰው አስቦት አያውቅም። አብዛኛው መንደር የሰማው ከተቀበረ በኋላ ነው። አገሩን ሁሉ ሲያስቀብር የኖረ ሰው በአሥራ አንድ ሰው ተቀበረ። ልጁ ከአልጋው ላይ ሆኖ የለቅሶውን ማነስ በጆሮው ሰማ። ከስብራቱ ይልቅ ይህ አመመው።

ስለዚህ ተሳለ። በአባቱ ሙት ዓመት ሰባቱንም መንደር ራሱ እየሮጠ ሊጠራ፣ እንደ አባቱም ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ሊጨርስ። ወጌሻው ይህን ሰምቶ ተቆጣ። ያ እግር የተጠገነው ለመራመድ እንጂ ለመሮጥ እንዳልሆነ ነገረው፤ ዳግመኛ ከተሰበረም ወደ እኔ እንዳታመጡት አለ። ልጁ ግን መጀመሪያ በምርኩዝ እስከ ወንዙ፣ ቆይቶ ያለ ምርኩዝ፣ በኋላም ሶምሶማ እያለ እግሩን አለማመደ። የመንደሩ ቀልደኞች «ዛሬ ከተነሣህ ለከርሞው ሙት ዓመት ትደርሳለህ» ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይስቅና መንገዱን ይቀጥላል።

ቀኑ ደረሰ። ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ ሮጠ። ጭኑ እንደ እሳት ቢለበልበውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት መንደሮች በየደጁ በሩጫ እየደረሰ የአባቴ ሙት ዓመት ነውና ኑልኝ እያለ አለፈ። ሰዎቹ ከየቤታቸው ደንግጠው ይወጡ ነበር። እሱ በፍጥነቱ የተደነቁ መሰለው፤ ሞኝ።

በሦስተኛው መንደር ልጆቻቸው በየአገሩ የተበተኑባቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሲሮጥ ሲመጣ አዩትና አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ነገሩን ከነገራቸው በኋላ እንኳ መነሣት አቃታቸው። ውኃ ፈልጎ አጠጣቸው።

«አባትህ እኔ ደጅ ሮጦ ደርሶ አያውቅም» አሉት ትንፋሻቸው ሲመለስ። «ሜዳውን ይሮጣል፤ ዓይኔ የሚያየው ቦታ ሲደርስ ይራመዳል። ገና ከአጥሩ ውጭ ሆኖ 'የእናንተ አይደለም' ይለኛል። የሞተውን ሰው ስም የሚጠራው ከዚያ ወዲያ ነው።»

ልጁ ይህን ሰምቶ አያውቅም ነበር። የአባቱን ሩጫ እንጂ እርምጃውን ያወራለት ሰው አልነበረም።

«ትልቁ ልጄ የሞተ ቀን ብቻ» አሉ አሮጊቷ፣ «ቃሉን ሳይናገር መጣና አጠገቤ ቁጭ አለ።»

ልጁ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመና ወጣ። ወጥቶም ፀሐይዋን አየ። በየደጁ የሚራመድ ከሆነ በሰዓቱ አይደርስም። ደግሞ የተሰበረ ጭን አንዴ ከበረደ እንደገና ለመሮጥ እምቢ እንደሚል ሲለማመድ አይቶታል። የሰዓቱን ስእለት እዚያው አሮጊቷ ደጅ ትቶ ሄደ። ሜዳውን ይሮጣል፤ ቤት ሲታይ ይራመዳል፤ ከአጥር ውጭ ሆኖ ያን ቃል ይናገራል፤ ከዚያ ጥርሱን ነክሶ እንደገና ይሮጣል። ቃሉን ከሰሙ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ገና የአባቱን ስም ሳይጠራ ያለቅሱ ጀመር።

ሰባተኛው መንደር ሲደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። የመጨረሻው ቤት ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ቤት ነው። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «የእናንተ አይደለም» አለ።

«በሪሁን ነህ?» አሉ ሽማግሌው።

«ልጁ ነኝ» አለ፤ አባቱ በአሥራ አንድ ሰው ከተቀበረ ወዲህ እስከዚያ ቀን ይህን ቃል ሳያፍር ተናግሮት አያውቅም። ሰዉም መጣ፤ እየመሸም መጣ። ስንት ነበሩ ብለሽ አትጠይቂኝ።

እንግዲህ ልጄ፣ አንቺም እንደዚያ ሰው ሆነሻል። እናትሽ መምህርት ነበረች፤ አገሩ የሚያወራልሽ ስለ ድምፅዋ ነው። ስታስተምር እስከ ገበያው ይሰማ ነበር ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። አሁን ሕመሙ ከጉሮሮሽ ድምፅሽን ወሰደና በምን አስተምራለሁ አልሽ። የኔን ሴት ልጅ ግን ሂጂና ጠይቂያት። ፊደል አልገባ ብሏት ስታለቅስ እናትሽ መጥታ አጠገቧ ወለሉ ላይ ትቀመጥ ነበር። ሌሎቹ ሰምተው እንዳይስቁባት በጆሮዋ ነበር የምታስተምራት። ልጄ ማንበብ የቻለችው በዚያ ሹክሹክታ ነው። ለእሱ የሚበቃ ድምፅ ደግሞ ቀርቶልሻል፤ ይኸው እኔ ሽማግሌው እየሰማሁሽ ነው።