መስመር አስማሪውና ሁለት መቶው ጎል

አንድ የክፍለ ሀገር ክለብ በወጣትነቱ ዝነኛ አጥቂ የነበረ ፈረንሳዊ አሰልጣኝ ቀጠረ። ሰውየው ከአማርኛ መጀመሪያ የለመደው «ጎል አገባሁ» ማለትን ነበር። ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር ተጫዋቾቹን መልበሻ ክፍል ሰብስቦ በዘመኑ ያገባቸውን ሁለት መቶ ጎሎች ይተርክላቸዋል።

ለስድስተኛ ጊዜ በተሸነፉበት ዕለት፣ የሜዳውን መስመር በኖራ የሚያሰምሩት ሽማግሌ ባልዲያቸውን ሊወስዱ ወደ ክፍሉ ገቡ። ያንኑ ትረካ ሲሰሙ ፈገግ አሉ። አሰልጣኙ አያቸውና ተቆጣ።

«ኳስ መትተህ የማታውቅ ሰው በእኔ ትስቃለህ? ይህ ቡድን ለምን እንደሚሸነፍ አሁኑኑ በልጆቹ ፊት ንገረኝ። ካላወቅህ ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይህ።»

ሽማግሌው ባልዲያቸውን መሬት አስቀመጡ።

«ጌታው፣ ሁለት መቶውንም ጎል በቃሌ ይዤዋለሁ። የቱ በግራ እግር፣ የቱ በቴስታ እንደገባ ቢጠይቁኝ አልሳሳትም። ኳሱን ማን እንዳቀበለዎት ግን አንድም ቀን ሲናገሩ አልሰማሁም። ልጆቹም ከእርስዎ የተማሩትን ነው የሚጫወቱት፤ ይኸው ለጓደኛው ኳስ የሚያቀብል ጠፋ።»